ቡፌ ውስጥ የኖረው ሲዲ

ባለቤቴ ኮምፒውተሩን የገዛው ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ ነው። ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ አዲስ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ከማሽኑና ከሽቦዎቹ ጋር አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ማኅደር ነበረች፤ በውስጧም አንድ ሲዲ። ሻጩ ማኅደሯን ለብቻዋ አውጥቶ፣ "ይቺን እንዳትጥሏት። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን አልነሳም ቢል እንደ አዲስ የምታስነሳው እሷ ናት። ኦሪጅናል ናት" አለን። ባለቤቴ ተቀብሎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተታት። ማሽኑን በጋሪ አስጭኖ ሲዲዋን በኪሱ ይዞ ገባ።

ቤት እንደደረሰ ቡፌውን ከፈተና ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ኋላ አስቀመጣት። እኛ ቤት ጥሩ ነገር የሚቀመጠው እዚያ ነው። ለሠርጋችን የተሰጡን ሳህኖች እዚያ አሉ፤ ምግብ ሳይቀርብባቸው ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል። ለታላቅ እንግዳ ወይም ለክፉ ቀን ተብሎ የተቀመጠ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ሳያይ ይቀራል።

ባለቤቴ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራው ንብረት ክፍል ነበር። ኮምፒውተሮች በካርቶን ሲመጡ የሚረከበው እሱ ነው፤ ከእያንዳንዳቸው ጋር እንደኛዋ ያለች ሲዲ ትመጣለች። ማሽኖቹን የሚጭኑት ባለሙያዎች ግን የራሳቸውን የተገለበጠ ሲዲ በጨርቅ ቦርሳ ይዘው ይመጡና በሁሉም ላይ እሱኑ ይጭናሉ። ኦሪጅናሎቹ ንብረት ክፍል ይቀራሉ። "ዕቃው በደንብ ሲሠራ የሚያይልኝ ሰው የለም፣ ሲጎድል ግን እኔ እጠየቃለሁ" እያለ ያዝን ነበር። ቀስ በቀስ ማንም የማይጠይቃቸው መሆናቸው ሲታወቅ ሰው ይወስዳቸው ጀመር።

ሰው ሲዲ መጣል አይወድም። የሚያብረቀርቅ ነገር ነውና ቆሻሻ ነው ማለት ያስቸግራል። የመሥሪያ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ሻይ ስታዞር ከብርጭቆ ሥር ታደርጋቸዋለች። ሹፌሩ ከመኪናው መስታወት ላይ አንጠልጥሎት ነበር። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ጠዋት ጺሙን የሚያየው በሱ ነው ይባላል። ጎረቤቴ ዙሪያውን በኪሮሽ ሠርታ የአበባ ማስቀመጫ አስቀምጣበታለች፤ ሥራዋ ንጹሕ ነበር። የባጃጅ ነጂዎች ማታ ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዲያያቸው ከኋላ ይለጥፉታል። ጉዱማሌ ከሚባለው የበዓል ሜዳ ወዲህ ያለ አንድ ሻይ ቤት መሐሉ ላይ የሰዓት ሞተር ገጥሞበት ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ሰዓቱ ቆሟል፣ ሲዲው ግን አሁንም እዚያው አለ። በዚያ ሁሉ ዘመን ለተሠራለት ሥራ የዋለ ኦሪጅናል ሲዲ አላየሁም።

የእኔ ሥራ ታይፕ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ማሠልጠኛ ገብቼ የተማርኩት እሱን ነው። በአማርኛው የጽሕፈት መኪና ላይ ፊደላቱ ቦታ ቦታ ነበራቸው፤ ጣቶቼ ያንን ቦታ ከለመዱ በኋላ ዐይኔን ወደ ታች አላወረድኩም። የጽሕፈት መኪናው ሲቀርና ኮምፒውተር ሲመጣ የብዙ ባልደረቦቼ እጅ ባዳ ሆነ። እኔን ያዳነኝ በቤታችን ማሽን ላይ የተጫነው የአማርኛ ፕሮግራም ነው። የጽሕፈት መኪናውን አቀማመጥ እንዳለ ይዞት ነበር። አዲሶቹ እንደዚያ አይደሉም። በአዲሶቹ ላይ "መ" ለመጻፍ የላቲኑን ፊደል ኤምን ፈልጎ መጫን፣ ከዚያም የሚከተለውን ማሰብ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ነገር ግን የራሴን ቋንቋ በሰው ፊደል አስቤ መጻፍ ያደክመኛል።

ጡረታ ስወጣ የቤታችንን የፊት ክፍል ወደ መንገድ አስከፍተን የጽሕፈት አገልግሎት ጀመርኩ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪዎች ጥናት እጽፋለሁ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ የቤቱን ወጪ የሚሸፍነው ይኸው ክፍል ነው። ለዚህ ነው ኮምፒውተሩ በአንድ የክረምት ከሰዓት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ መበላሸቱ ያን ያህል የከበደኝ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ በላዩ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ደንበኛዬን ነገ ይምጡ ብዬ ሸኘሁ።

ከመናኸሪያው ወዲህ ሱቅ ያለው ቴክኒሻን ማሽኑን ፈታ። ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት፤ ከዚህ በፊትም አቧራውን ያራገፈልኝ እሱ ነው።

"እማማ፣ ሃርድ ዲስኩ ዕድሜውን ጨርሷል። ሌላ እገጥምልዎታለሁ። ችግሩ እሱ አይደለም።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"በላዩ የሚጫነው ነው። አዲሱን ሲስተም ይሄ ማሽን አይሸከመውም። አሮጌውን ከሌላ ቦታ ባመጣ ደግሞ አይቀበልም። ይሄ ዓይነቱ አብሮት የመጣውን የራሱን ሲዲ ካላየ አይነሳም።"

"ሌላ ማሽን ብገዛስ?"

"ይገዛል። የእርስዎ የታይፕ ፕሮግራም ግን አዲሶቹ ላይ አይሠራም። ፕሮግራሙ እኔም ጋ አለ፣ የትም አለ። የሚቀመጥበት ነው የጠፋው። ወጡ አለ፣ ድስቱ የለም።" ብሎኑን በመዳፉ እያንከባለለ ጠበቀኝ። "እንደ ልጆቹ በላቲኑ ቢለምዱትስ? እኔ እናቴን ስልክ አስለምጃለሁ።"

"እናትህ በስልኩ አይተዳደሩም" አልኩት።

አልተቀየመም። "እሱስ ልክ ነው። ኦሪጅናሉ ሲዲ ይኖርዎት ይሆን?"

"አለ። እኔ ቤት ግን አይደለም።"

ሲዲዋ የት እንዳለች አውቅ ነበር። ባለቤቴ በታመመበት የመጨረሻው ዓመት ታላቅ እህቱ ልትጠይቀው ከከተማው ወጣ ካለችው ቱላ መጣች። እሱ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ እኔ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን ከተዛወረ ቤተሰብ ነኝ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው ይህች እህቱ ናት። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ወፍ ማሽላዋን እንደጨረሰባት ነገረችው። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሥር ያሉትን አሮጌ ሲዲዎች እንድሰጣት ነገረኝ። የተገለበጡና የተበላሹ ነበሩ፤ በፌስታል አድርጌ ሰጠኋት። አንዱን አውጥታ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችውና፣ "ደብዝዟል። ወፍ ይሄንን አይፈራም" አለች።

ባለቤቴ ቡፌውን ክፈቺ አለኝ። ማኅደሯን ወስዶ ሲዲዋን አወጣ። ኦሪጅናሏ በሁለቱም ፊቷ ታበራለች፤ በጀርባዋ በኩል ሲያዘነብሏት ቀለማቷ ይለዋወጣል። በእጁ ለእህቱ ሰጣትና ባዶውን ማኅደር ለእኔ መለሰ። እኔም ቦታው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። እህቱ ከሄደች በኋላ፣ "ኮምፒውተሩ እስካሁን ተበላሽቷል?" አለኝ። አልተበላሸም አልኩ። "እንግዲያው" አለ።

በእኛም ወግ በእነሱም ወግ የሞተ ሰው በእጁ የሰጠውን መልሶ መጠየቅ የለም። የባልን ታላቅ እህት መጠየቅ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። የመጡትን ደንበኞች ሁሉ መለስኩ። ከዚያ ስኳርና ሳሙና ገዝቼ በሚኒባስ ወደ ቱላ ሄድኩ፤ ከአስፋልቱ በኋላ ያለውን ጭቃ በባጃጅ።

ማሳዋ ከቤቱ ጎን ነው። የሰጠኋት ሲዲዎች ከእንጨት ወደ እንጨት በተወጠረ ሲባጎ ላይ ተንጠልጥለዋል። ቀለማቸው ተልጦ እንደ መስታወት በወዲያ በኩል ያሳዩ ነበር። ወፎች ሲባጎው ላይ ቆመዋል። ዐይኔ ኦሪጅናሏን ፈለገ፤ አልነበረችም።

እህቲቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቦሎቄ ትፈለፍላለች። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ጉልበቷም ይበልጣል። ከተሳሳምን በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ከቦሎቄው ዘገን አደረግሁና አብሬ መፈልፈል ጀመርኩ።

"ማን ሞተ?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ።"

"ሰው ሳይሞት አትመጪም ብዬ ነው።"

"ኮምፒውተሩ ሞተ።"

እጇን አቁማ አየችኝ። "ለሱም ላልቅስልሽ?"

"አታልቅሺ። ሲዲዋን ፈልጌ ነው። ወንድምሽ የሰጠሽን።"

የፈለፈለችውን ወደ ሰፌዱ አፈሰሰችና ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ተከተልኳት። ከጓዳው መግቢያ ጎን የባለቤቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከጎኑ ምስማር ላይ በቀይ ክር የተንጠለጠለችው ሲዲዋ ነበረች።

"ወፍ ታባርራለች ብለሽ ነበር የወሰድሻት" አልኳት።

"አባርራለች። አንድ ዝናብና አንድ በጋ ሙሉ ማሳው ላይ ነበረች። እሱ ሲሞት አወረድኳት።" ክሩን በጣቷ ነካች፣ ሲዲዋ ዞረች። "እህል ሰጥቶኛል፣ በላነው። ልብስ ሰጥቶኛል፣ አለቀ። ይቺ አትበላም፣ አታልቅም።"

አማርኛዋ አጭር ነው። ኋላ የተማረችው ቋንቋ ስለሆነ የማያስፈልግ ቃል አታወጣም። እኔም ያለ ዙሪያ ነገርኳት። ሥራዬ እንደቆመ፣ ማሽኑ ከዚህች ሲዲ ሌላ እንደማይቀበል፣ አንድ ቀን ብቻ እንደምትበቃኝ።

"ሰውዬው ከሷ ላይ ይገለብጣል፣ ከዚያ ትመለስልሻለች" አልኳት።

"ሲገለብጥ ከሷ ይቀነሳል?"

"አይቀነስም። ያው እሱኑ ነው ሌላ የሚሆነው።"

"ያው ከሆነ ለምን ይቺን ትፈልጋላችሁ? የራሳችሁን አትገለብጡም?"

መልሴን አልጠበቀችም፤ ሲዲዋን ከምስማሩ አውርዳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻትና የቦሎቄውን ሰፌድ ለምራቷ አስረከበች።

"እኔም እመጣለሁ" አለች። "እሷ ብቻዋን ከተማ አትሄድም።"

የባጃጁ ነጂ የራሱ ሲዲ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እሷ ቋጠሮዋን ፈታ አድርጋ ስታይ አየና ቀልድ አማረው።

"እማማ፣ መዝሙር ነው?"

"ድምፅ የላትም።"

"ታዲያ ምን ትሠራለች?"

"የወንድሜን ሚስት ታበላለች" አለችው፣ እንደ ተራ ነገር። እሱ ሳቀ። እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

ቴክኒሻኑ ሱቅ ስንደርስ እሷ በርጩማው ላይ፣ እኔ ካርቶን ላይ ተቀመጥን። ማኅደሩን ከቡፌው አምጥቼ ነበር፤ ማሽኑ የሚጠይቀው ቁጥር የታተመው በሱ ላይ ስለሆነ። ሲዲዋን ከነጠላዋ ፈትታ ስትሰጠው ሁለቱንም እጇን ተጠቅማለች። እሱም ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። ያን ያህል ጨዋ መሆኑን አላውቅም ነበር።

"ጥላሸት ይዟታል፣ ትንሽም ተጭራለች" አለና የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጎ ማሸት ጀመረ።

"ያ የጥርስ አይደለም?" አለች።

"ጭረት ያጠፋል፣ እማማ።"

"ጥርስ ሳይኖራት" አለች ወደኔ ዞራ። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ፈገግ አልን።

አጥቦና አድርቆ አስገባት። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ጽሑፍ መጣ፣ ከዚያ ከታች አንዲት መስመር ቀስ እያለች መሙላት ጀመረች። ቴክኒሻኑ፣ "አወቃት" አለ። ማሽኑ የራሱን ሲዲ ለይቷታል ማለቱ ነው። እህቲቱ ምን እንዳወቀ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። መስመሯ ግማሹን አለፈች። በልቤ ደንበኞቼን ለነገ ጠዋት መቅጠር ጀምሬ ነበር። የአንዷን ተማሪ ጥናት የትኛው ገጽ ላይ እንደተውኩት አስታወስኩ።

ከዚያ ማጉረምረሙ ተለወጠ። ማሽኑ እንደሚያስነጥስ ሰው ይጀምራል፣ ይተዋል፣ ይጀምራል። መስመሯ ቆመች።

አውጥቶ ጠረጋት፣ መለሳት። እዚያው ስትደርስ ቆመች። ሌላ ማንበቢያ ገጠመ። ያም እዚያው ሲደርስ ተወው። መገልበጡንም ሞከረ፤ እሱም እምቢ አለ። በመጨረሻ ሲዲዋን ወደ አምፖሉ ቀና አድርጎ በውስጧ አየ፤ ከዚያ ለእኔም አሳየኝ። መርፌ እንደወጋው ጨርቅ ብርሃን የሚያሳልፉ ትናንሽ ነጥቦች ነበሩባት። የፀሐይና የዝናብ ሥራ መሆኑን ሳይነግረኝ ገባኝ።

"ምን ሆነች?" አለች እህቲቱ።

ቴክኒሻኑ እኔን አየኝ።

"አርጅታ ነው" አልኳት።

"እኔ ማሳ ላይ ሰቅያት ነው?"

"ቡፌ ውስጥም ብትሆን ታረጅ ነበር።"

እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ቴክኒሻኑ ግን ጨርቁን እያጠፈ፣ "ልክ ነው እማማ፣ እነዚህ ነገሮች ቁጭ ብለውም ያረጃሉ" አለ። ለዚህ ቃሉ እስካሁን ውለታ እንዳለብኝ ይሰማኛል።

እሷ እጇን ዘረጋችና ሲዲዋን ተቀበለች። በነጠላዋ ጫፍ እንደገና ቋጠረቻት። ምንም የተበላሸ ነገር የያዘች አትመስልም ነበር፤ ለእሷ አልተበላሸችምና። ወደ ሚኒባሱ ስሸኛት መንገዱ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በጭቃው ውስጥ ይመላለሱ ነበር። ልትሳፈር ስትል ክንዴን ያዘችኝ።

"አሁን በምን ትበያለሽ?"

"በዚያው። ቀስ እያልኩ።"

"ቦሎቄው ሲደርቅ እልክልሻለሁ።"

"አትቸገሪ፣ እትዬ።"

"እልካለሁ አልኩሽ" አለችና ገባች።

ቴክኒሻኑ ከሱቁ ያለውን ሌላ ያገለገለ ማሽን አዲሱን ሲስተም ጭኖ አመጣልኝ። አሮጌውን ከጠረጴዛው ሥር አደረግነው። የላቲኑን አጻጻፍ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፎ ከስክሪኑ ጎን ለጠፈልኝ። ጠዋት ጠዋት፣ በሩን ሳልከፍት፣ ቁጭ ብዬ እለማመዳለሁ። እጄ ሳላዘው ወደ ድሮው ቦታ ይሄድና ትርጉም የሌለው ነገር ይጽፋል። አጠፋለሁ። እንደገና እጀምራለሁ። ከዚህ ቀደም ጽሑፉን ነበር የማነበው፤ አሁን ጣቴን ነው የማነበው። ማታ ትከሻዬን ያመኛል።

ተማሪዎቹ አንድ ሁለቴ መጥተው፣ ቆመው አይተውኝ፣ "እንመለሳለን" ብለው ሄዱ። አልተመለሱም፤ አልፈርድባቸውም። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ወጣቶች የከፈቱት ቤት አለ፤ እነሱ ሲጽፉ እጃቸው አይታይም። ክፍሉን ለስልክ ጠጋኝ አከራይተሽ ለምን አታርፊም ያሉኝ ጎረቤቶች አሉ። ማረፍ እፈልግ ነበር። ነገር ግን ክፍሉን ካከራየሁት በኋላ ቀኑን የት እንደማሳልፈው ሳስበው ዕረፍት አልመስል አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት ገቡ። የመኖሪያ ቦታቸውን በተመለከተ አቤቱታ ያጽፋሉ። አስቀድሜ ነገርኳቸው።

"እጄ ዘገምተኛ ሆኗል። ከቸኮሉ ማዶ ልጆች አሉ፣ ቶሎ ይጽፉልዎታል።"

"ከነሱ ነው የመጣሁት" አሉ፣ ወንበሩን እየሳቡ። "ተናግሬ ሳልጨርስ ጽፈው ሰጡኝ። ሳነበው የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስላል።"

"እኔ ጋ ደግሞ ይመሽብዎታል።"

"ይምሽ። ጉዳዩ ራሱ መቼ ቸኮለ?"

ከዘራቸውን ከጠረጴዛው ጋር አስደግፈው መናገር ጀመሩ። አንድ ቃል ይላሉ፤ እኔ ፊደሉን እፈልጋለሁ፤ እሳቸው ይጠብቃሉ። አንዳንዴ እኔ ቃሉን ጽፌ ቀና ስል የሚቀጥለውን ረስተውት አገኛቸዋለሁ። ያን ጊዜ ሁለታችንም እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን እስኪመጣላቸው ድረስ እንቀመጣለን።